ገብረአብን ሊገድል ለማለው ወንድሜ

ለምወድህ ወንድሜ ለዘርአ ዳዊት፤

እንደምን ከርመሃል ወንድም ዓለም? የሻኪሶ ሙቀቱስ፣ የወርቅ ቁፋሮውስ፣ አብረውህ የሚውሉት ልጆችስ እንዴት ናቸው? እህል ውኃው ይስማማሃል? ጉሮሮህስ? እኔ እህትህ አመተ ማርያም፣ አምላክ ይመስገን፣ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። እማዬ ጉልበቴን ጉልበቴን ትላለች እንጂ ደህና ናት። ባለቤቴ ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ደህና ናቸው። ልጅህ ዮርዳኖስ ደህና ናት፤ ቁመቷ እኔን በልጦኛል፣ ምላሷማ ድሮም በልጦኝ ነበር። የአንኮበር ብርድ እንደምታውቀው ነው፤ ጉሙ ከቆላ እየተነሣ እቤታችን ድረስ ይገባል። ከአንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ። ግን ታላቅ ወንድማችንን ጋሼ ኪዳነ ማርያምን ቀብሬ እንዲህ ያለ ውሸት በእጄ አልጽፍም።

ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልክ ስለማትሰማ ነው። በደወልኩ ቁጥር ትፎክራለህ፣ ትሳደባለህ፣ ከዚያ ትጠረቅምብኛለህ። ወረቀት ግን አይጠረቀምም፤ ብትቀደው እንኳ ቁርጥራጩ ያወራል። ይህን የሚያመጣልህን ሹፌር አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ እንዳይነሣ አስምዬዋለሁ። ስለዚህ ዓይንህን አታጉረጥርጥበት፤ ምስኪን ነው፣ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው።

ለጥምቀት መጥተህ ጎረቤታችንን ገብረአብን ልትገድል ምለሃል። ሽጉጥም ገዝተሃል አሉ። ገብረአብ ሚስቱን አዝዞ ጋሼን በአረቄ አስመርዞ ገደለው፣ ሲሞትም ገብረአብን በደሙ ተነክሮ አይቼዋለሁ ብሎ የነገረህ የአጎታችን ልጅ አማኑኤል ነው። በደሙ መነከሩስ እውነት ነው፤ ተነክሮ ነበር። እንዴት እንደተነከረ ግን አማኑኤል አልነገረህም። እኔ ሁሉንም ቆሜ አይቻለሁ፤ ስማኝ።

ጋሼ አንገቱ ላይ፣ ከጆሮው ዝቅ ብሎ፣ እብጠት ያወጣው ካለፈው ፋሲካ በፊት ነው። መጀመሪያ ባቄላ ታህል ነበር። ስለማታመው ናቅናት። እማዬ እንቅርት ነው አለች፤ ባገራችን እንቅርት መች ብርቅ ሆኖ ያውቃል? እሱም ሻርፕ ጠመጠመበትና ተወው። ጠዋት ሲነሣ እንደ ልማዱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለችው ከለተጊዮርጊስ ቤት ይሄዳል። የገብረአብን ሚስት ታውቃት የለ፣ አረቄ የምታወጣዋን። ብርዱን ልስበረው እያለ በባዶ ሆዱ መለኪያውን ይገለብጣል፣ በወታደር ቤት የለመደውን ሲጃራ በላዩ ላይ ያያይዛል። ተው ጋሼ፣ ሳል ይዞሃል ስለው፣ ሳሉን እያጠንኩት ነው ብሎ ይስቅብኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ እብጠቱ እንቁላል አከለ። ያኔ መካሪው በዛ፤ ከቆላ አንድ በጋለ ብረት እብጠት የሚተኩስ ሰው ይምጣ ተባለና መጣ። ማጭዱን ፍም ውስጥ ቀብሮ አቀላው። አማኑኤልና የሰፈር ወንዶች የጋሼን እጅና እግር ጨምድደው ያዙ፣ አፉ ውስጥ እንጨት አስነከሱት። ብረቱ አንገቱ ላይ ሲያርፍ ጭሱ ጣሪያ ነካ። ዘርዬ፣ የወንድምህ ሥጋ ሲጠበስ አልሸተተህም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሥጋ ወጥ አልቀምስም። እንጨቱን ነክሶ ሰበረው፣ ጥርሱም አብሮ ወጣ። ልግባ ብዬ ብፋለም ገፍተው ደጅ ጣሉኝ። ሰውየው ደሙን አይቶ፣ መጥፎው ደም ወጣ፣ በቃ ይድናል አለና ለዋጋው የተሰጠውን ዶሮ አንጠልጥሎ ወረደ። እግዜር ያሳየው! ቁስሉ አልደረቀም። መግል ይዞ ሸተተ፣ ድምፁ ተዘጋ፣ ምራቁን መዋጥ አቃተው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እኛ ግን ሐኪም ቤት በመውሰድ ፈንታ እሳት ጨመርንበት።

ከመስቀል በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እንደምታውቀው በእኛ አገር መጠጥ የምትቀዳ ሴት መጀመሪያ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። መርዝ የለበትም፣ በሰላም ጠጡ ማለቷ ነው። ለተጊዮርጊስም ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀምስ ኖራለች፤ ከክረምቱ መግቢያ ወዲህ ግን ትታው ነበር። ዝም ብላ ትቀዳለች፣ ዝም ብላ ታቀርባለች። ማንም ልብ አላለም። አንድ ቀን አማኑኤል ሞቅ ብሎት፣ ከመቼ ወዲህ ነው ሳትቀምሺ የምትቀጂው ብሎ አፈጠጠባት። ፊቷን አዞረች። በቃ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ሰዉ ሁሉ ጋሼና ገብረአብ ድሮ በወሰን የተጣሉትን ከተቀበረበት ቆፍሮ አወጣው። ያ ጠብ በሽማግሌ አልቆ፣ አብረው በልተው ጠጥተው እንደነበር ማን አስታወሰ? ፀሐይ ሳትጠልቅ ኪዳነ ማርያም ተመርዟል የሚለው ወሬ እቤታችን ደረሰ። ጋሼም አመነው። የሚሞት ሰው ገዳዩን ማወቅ ያምረዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋው ተነሣ። ቆሞ መሄድ ያቃተው ሰው ሽመሉን ይዞ ወጣ፤ አማኑኤል ደግፎት። ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ የለተጊዮርጊስ ደጅ በሰው ተሞልቷል፤ ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ ይዘንባል። ውስጥ ስገባ እንስራው ተሰባብሯል፣ የፈላው ድፍድፍ መሬቱን ሞልቶ የለተጊዮርጊስን እግር ልጦታል። ጋሼ ባለችው አቅም ሁሉ መንጋጋዋን በሽመል መታት። እንጨትና አጥንት ሲጋጩ የሚሰማው ድምፅ ደስ አይልም። ወደቀች። አማኑኤል ፀጉሯን ጠምዝዞ አነሣት፣ የጠርሙሱን አፍ ከአፏ ከተተና፣ ይኸው ቅመሺ እንግዲህ እያለ አረቄውን አንቆረቆረባት።

አበስኩ ገበርኩ! ያን ጩኸት እንዴት ብዬ ልጻፍልህ። ምጥ ላይ ካለች ሴት እንኳ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ዓይኗ ተገለበጠ፣ ግድግዳውን በጥፍሯ ቧጠጠችው። አማኑኤል ወደ ደጁ ዞሮ፣ አያችሁ፣ የራሷን መርዝ አወቀችው ብሎ ጮኸ። ሰዉም ግደላት ግደላት አለ። እነዚያው ጠዋት ጠዋት ከእጇ ሲጠጡ የኖሩት ናቸው እኮ! ያኔ እኔም አበድኩ። የአማኑኤልን ክንድ ደም እስኪመጣ ነከስኩት። የጥርሴ ምልክት አሁንም አለ፤ ስትገናኙ አሳየኝ በለው።

በዚህ መሀል ገብረአብ ከእርሻው ምሳር ይዞ ደረሰ። ሚስቱን ያየበትን ዓይኑን አልረሳውም። በመጀመሪያው ምት የአማኑኤልን ሁለት ጣቶች ወሰዳቸው፤ ጣቶቹ ከጠርሙሱ ስባሪ ጋር ድፍድፉ ውስጥ ወደቁ። ሁለተኛውን ጋሼ ራስ ላይ ሲያነሣ ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ መስቀላቸውን ይዘው በመሀል ተደፉ። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እሱን አሉት። ምሳሩ እላይ እንደተነሣ ቀረ። እኚህ ሰውዬ እቤት ድመት የሚፈሩ ናቸው፤ ያን ቀን ግን ኮራሁባቸው።

መኪና አንድ ብቻ ስለተገኘ መቺና ተመቺ በአንድ ተጭነው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወረዱ። ገብረአብ ከፖሊስ ጋር ከፊት፣ አማኑኤል እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጋሼና ለተጊዮርጊስ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን፣ እኔ ራስጌያቸው። ደማቸው ተቀላቅሎ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር፤ የማን የማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

እንግዲህ አማኑኤል ያልነገረህ እዚህ ላይ ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የለተጊዮርጊስን ከንፈር ልትሰፋ አፏን በባትሪ ስታይ እጇ ቆመ። ከምላሷ ጎን፣ ወደ ሥሩ፣ ጠርዙ ያበጠ ቁስል አለ። ይህ የዛሬ ዱላ አይደለም፣ መቼ ነው የጀመረሽ አለቻት። ከግንቦት ጀምሮ ነው አለች፤ አረቄ ሲነካው እንደ እሳት ይፈጃታል። መቅመስ የተወችው ለዚህ ነው! ለምን ለሰው አልተናገርሽም ብትላት፣ አፏ የቆሰለ ሴት የቀዳችውን ማን ይጠጣል ብላ አለቀሰች። አየህ ወንድሜ፣ አማኑኤል ጠርሙሱን የከተተው ቁስሏ ላይ ነው። መርዙን አወቀችው ያልነው ጩኸት የነቀርሳ ጩኸት ነበር።

ሐኪሟ ከእሷ ምላስም ከጋሼ አንገትም ቁንጥር ሥጋ ወስዳ ላከች። ጥቅምት ላይ መልሱ መጣ፤ የሁለቱም ካንሰር ነው። እኔ አሁንም ማን አደረገው፣ ማን አደረገው እላለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሐኪሟ አስቀምጣኝ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ሲጃራ ብቻውን የአፍና የጉሮሮን ሥጋ ያበላሻል፣ አረቄም ብቻውን ያበላሻል፤ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ግን ጉዳቱ ከሁለቱ ድምር በላይ ይሆናል አለችኝ። ለተጊዮርጊስ ሲጃራ ነክታ አታውቅም፤ ግን ማለዳ ማለዳ ኃይለኛውን አረቄ ስትቀምስ ኖራለች፣ ጥርሴን ያስታግስልኛል ብላም ትምባሆ ከከንፈሯ ሥር ትይዝ ነበር። ሰዉን ከመርዝ ላድን ብላ የቀመሰችው ራሷን ጎዳት።

የጋሼ ደግሞ ሌላም አለበት። የቄስ ሚስት ሆኜ ይህን ስጽፍ አፍሬ ነው፤ ግን ሐኪሟ ሳታፍር ነግራኛለች። እብጠቱ ውስጥ አንድ ቫይረስ ተገኘ። በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በአፍም ጭምር፣ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ብዙ ሰው ይይዘዋል፣ አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ሰውነቱ ያባርረዋል፤ በአንዳንዱ ላይ ግን ቶንሲሉና ምላሱ ሥር ተሸሽጎ ዓመታት ይቀመጣል። ከማን መጣ ብዬ ደግሞ ጠየቅኳት። ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ ብታውቂስ ምን ልታደርጊው ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኛ የፈለግነው መድኃኒት ሳይሆን የምንደበድበው ሰው ነበር።

ይህን ካነሣሁ አይቀር፣ ለሴቶች ልጆች በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት የዚሁ ቫይረስ መከላከያ ነው። አንተ ልጄን ያመክንብኛል ብለህ በስልክ የጮህክበት ማለት ነው። ዮርዳኖስን አስከትቤያታለሁ። ተቆጣ! ክንዷን አንድ ቀን አመማት፣ በማግስቱ ከእኩዮቿ ጋር ስትላፋ ዋለች። ከፈለግህ ከገብረአብ በፊት እኔን ግደለኝ።

ጋሼ መልሱን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለሕክምናው ረፍዷል፤ የተተኮሰው ቁስል ወደ ውስጥ ዘልቋል ብለው ወደ ቤት መለሱት። አፉ አልናገር ብሎት በእጁ ወደ ገብረአብ ቤት ያመለክታል፣ ከዚያ አንገቱን ይመታል። ምን ፈልጎ ነው ስንል እማዬ ገባት። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ልጠይቅ ማለቱ ነው። ግን በየትኛው አንገቱ ይሸከም? አማኑኤልን ስለ እሱ ተሸከምለት ብንለው፣ ጣቶቼን ይመልስልኝና ብሎ ሄደ። እኔ ተሸከምኩ። ድንጋዩን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላዬ፣ ገብረአብ ደጅ ተንበረከክሁ። በዋስ ተለቆ የነበረው ገብረአብ ወጥቶ አየኝና ተመልሶ ገባ። ብዙ ቆየ። አንገቴ ሊሰበር ሆነ፤ ይኼ አረመኔ ብዬ በሆዴ ሰደብኩት። በኋላ ወጣ፣ ድንጋዩን በሁለት እጁ አንሥቶ ወረወረው፣ እኔንም አቅፎ አነሣኝ። ይቅር ለእግዜር አለ። የእሱንም ምሳር ሽማግሌ በካሣ ጨረሰው። ከእንግዲህ በሁለቱ ቤት መካከል ደም የለም ተብሎ በጋሼ ስም ተማለ። አንተ የምታፈርሰው የጋሼን መሐላ ነው።

ኅዳር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አጥሚት ላጠጣው ቀና ሳደርገው አንገቱ ፈነዳ። ሌላ ቃል የለኝም። ደሙ እንደ ቧንቧ ተወርውሮ ግድግዳውን መታ፣ ፊቴን መታ፣ አፌ ገባ። በነጠላዬ ብጫን በጣቶቼ መሀል ይወጣል። ጮህኩ። ቀድሞ የደረሰው ገብረአብ ነው። ከእጄ ነጥቆ በሁለት መዳፉ አንገቱን ያዘለት፣ ጭንቅላቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ አይዞህ ኪዳኔ፣ አይዞህ ወንድሜ እያለ። ጋሼ የሞተው እዚያ ነው፣ በገብረአብ ደረት ላይ፣ እጁን ጨብጦ። አማኑኤል በዚህ ሰዓት መጣ። ገብረአብን ከራስ እስከ እግሩ በደም ተነክሮ አየው። ሌላውን ሳይጠይቅ ገደለው ብሎ እየጮኸ ወጣና ለአንተ ደወለ። ሐኪሟ ያ ቁስል ትልቁን የደም ሥር በልቶ እንደሚያፈርሰው አስቀድማ ለእኔ ነግራኝ ነበር። መቃብሩን የቆፈረለትም ገብረአብ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ድምፅህን አንተ አትሰማውም፣ እኔ ግን እሰማዋለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ሻክሯል። ስትዝት እንኳ እንደ ተሰነጠቀ ከበሮ ነው። ሲጃራውንም አረቄውንም ከጋሼ ወርሰሃል፤ በዚያ በወርቅ ሰፈር ደግሞ ከሌላ ሌላውም የምትቆጠብ አይመስለኝም፣ አውቅሃለሁ። ሐኪሟ ድምፅ መሻከር፣ አፍ ውስጥ ያልደረቀ ቁስል፣ አንገት ላይ የማያም እብጠት ከሦስት ሳምንት ካለፈ ይታይ ብላኛለች። ብርድ ሊሆን ይችላል፣ አቧራው ሊሆን ይችላል፣ ይሁንልን። በሽታውን የደበቀ ግን መድኃኒት የለውም። ሽጉጡን ሽጠህ መኪና ተሳፈርና አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ግባ። አንድ ወንድም ቀብሬያለሁ። ሁለተኛውን በእስር ቤትም በመቃብርም ላጣው አልፈልግም። እፈራለሁ ዘርዬ፣ በጣም ነው የምፈራው።

እማዬ ጉልበትህን እስማለሁ ትላለች፤ ስለ ሽጉጡ አልነገርናትም። ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ በቅዳሴ ስምህን እያነሡ ነው። ዮርዳኖስ አባቴ ለጥምቀት ይመጣል ብላ ቀሚሷን አጥባ ሰቅላለች፣ ለምን እንደምትመጣ ግን አታውቅም። አብረውህ ለሚቆፍሩት ልጆች ሁሉ፣ ወጥ ለምትሠራላችሁ ሴትዮ፣ ለሹፌሩም ሰላምታዬ ይድረስ። አማኑኤል ሰላም አላለህም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ለተጊዮርጊስ ምላሷ በከፊል ተቆርጦ ከአዲስ አበባ ተመልሳለች፤ ለጨረር ተራ እየጠበቀች ነው። ሐኪሞቹ በጊዜ ተገኝቶላታል፣ ተስፋ አለ ይላሉ። መናገር አትችልም፤ ስምህን ስጠራላት በእጇ ሰላምታ ሰጥታሃለች። የማስታምማት እኔ ነኝ፣ ይህንንም የምጽፍልህ እነሱ ቤት ሆኜ ነው። ገብረአብን ለጥቂት ጊዜ ራቅ በል ብንለው፣ የኪዳኔ ወንድም ነው፣ ይምጣ፣ አልሸሽም አለ። ስለዚህ ለጥምቀት መጥተህ በሩን ስታንኳኳ የምከፍትልህ እኔ ነኝ። መጀመሪያ አፍህን ክፈት እልሃለሁ፣ ባትሪ አብርቼ አያለሁ። ከዚያ በኋላም መተኮስ ካሰኘህ፣ ከበሩ ደፍ ላይ አልነሣልህም።

እህትህ አመተ ማርያም

አንኮበር፣ ከገብረአብ ቤት
ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.